ክሬቲኒን ጨመረ ተብሎ የልብ መድኃኒት አይጣል

አንድ የላብራቶሪ ወረቀት እንውሰድ። ክሬቲኒን 1.2 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ይላል፤ ከጎኑ «ጤናማ መጠን ከ0.6 እስከ 1.3» ተብሎ ታትሟል። ወረቀቱ የ25 ዓመት የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ከሆነ ኩላሊቱ በደቂቃ 86 ሚሊ ሊትር ገደማ እያጣራ ነውና ምንም አይደል። ያው 1.2 ከደላንታ የመጡ የ65 ዓመት እናት ውጤት ከሆነ ግን ማጣሪያቸው 50 አካባቢ ወርዷል። ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው፤ ሰውነቱ የከሳ ሰው ደም ውስጥ ብዙ አይገኝም፤ ስለዚህ ኩላሊት ደክሞም ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ያታልላል። እናታችን «አብሽሩ፣ ኩላሊትዎ ደህና ነው» ተብለው የልብ ድካም መድኃኒታቸውን ይዘው ወገል ጤና ይገባሉ።

ከሦስት ወር በኋላ ቁጥሩ 1.5 ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አሁን ከታተመው መጠን አልፏልና «መድኃኒቱ ኩላሊትዎን እየጎዳ ነው» ይባልና ከልብ ድካም መድኃኒታቸው አንዱ፣ ኢናላፕሪል፣ ይቋረጣል። በመጀመሪያው ቀን መጠንቀቅ ሲገባ አብሽሩ ተባለ፤ በሁለተኛው መረጋጋት ሲገባ ተደነገጠ። ብዙ ሰው የሚጎዳው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ዕድሜ የሚያራዝመውን መድኃኒት ስለሚያስጥል።

ኩላሊት ለልብ ሕመምተኛ ከባድ ምልክት መሆኑ አያከራክርም። የሕመምተኛውን የወደፊት ሁኔታ ለመገመት ዓይናችን የሚሄደው ወደ ኢኮው (የልብ አልትራሳውንድ)፣ ልብ በየምቱ ስንት በመቶ ደም ይገፋል ወደሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመና ብርቱ የልብ ድካም ያለባቸውን 1,906 ሰዎች የተከታተለ ጥናት ግን የኩላሊት የማጣራት አቅም ሞትን በመተንበይ ከዚያ ቁጥር በልጦ አገኘው። በ2006 ደግሞ ከ80 ሺህ በላይ ሕሙማንን ያጠቃለለ ትንተና ወጣ፤ 63 በመቶዎቹ በተወሰነ ደረጃ ኩላሊታቸው ደክሞ ነበር። ቢያንስ አንድ ዓመት በፈጀ ክትትል ውስጥ ኩላሊታቸው ደህና ከሆኑት 24 በመቶ፣ ኩላሊታቸው ከደከመው 38 በመቶ፣ ድካሙ መካከለኛና ከባድ ከሆነባቸው 51 በመቶ ሞተዋል። እነዚህ በአብዛኛው የአውሮፓና የአሜሪካ አረጋውያን ናቸው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች የተሠራውና በ2012 የታተመው የቴሰስ ጥናት ውስጥ የሕሙማኑ አማካይ ዕድሜ 52 ነበርና መቶኛውን እንዳለ ወደ ወሎ ማምጣት አይቻልም፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው።

ሆስፒታል ለተኛ ታካሚ፣ በልብ ድካም የተኙ ሰዎችን የመዘገበው የአሜሪካው የአድሂር መዝገብ ቀላል መመዘኛ አለው፦ የዩሪያ ናይትሮጅን (ኩላሊት የሚያጣራው ሌላ ቆሻሻ) 43 እና ከዚያ በላይ፣ የላይኛው የደም ግፊት ከ115 በታች፣ ክሬቲኒን 2.75 እና ከዚያ በላይ። ሦስቱም የተገናኙበት ሰው ከሆስፒታል ሳይወጣ የመሞት ዕድሉ 22 በመቶ ገደማ፣ አንዱም የሌለበት 2 በመቶ ገደማ ነው። እዚህ ላይ ወረቀቱን አስተውሎ ማንበብ ነው፤ ዩሪያ እና የዩሪያ ናይትሮጅን አንድ አይደሉም። 43 የተባለው በዩሪያ ሲጻፍ 92 ይሆናል።

ታዲያ ልብ ሲደክም ኩላሊት ለምን ይደክማል? የተለመደው መልስ «ደም አልደረሰውም» ነው። እውነት አለው፤ ኩላሊት ልብ ከምትረጨው ደም አንድ አምስተኛውን ያህል ይወስዳልና ሲጎድል ቶሎ ይሰማዋል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ መግቢያው ሳይሆን መውጫው ነው። በክረምት የቦርከናን ውኃ ጨፋ ላይ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ሜዳው የሚረገርገው ውኃው መውጫ ስላጣ ነው፣ ከላይ ቢጨምሩበት ይብስበታል። የልብ ቀኝ ጎን ሲሞላ በደም መልሱ በኩል ያለው ግፊት ወደ ኩላሊት ይመለሳል፤ የማጣሪያው ግፊት ልዩነት ይጠብና ሽንት ይቀንሳል። ስለዚህ ክሬቲኒኑ የጨመረ ሰው ሁሉ «ደርቋል» ተብሎ ግሉኮስ አይሰቀልለትም።

ቁጥሩ ሲጨምር የሚቀድመው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሰውየው ውኃ ይዟል ወይስ ደርቋል? መልሱ ያለው አልጋው ላይ ነው። ራሱን ግማሽ ቀና አድርጎ ሲተኛ የአንገቱ ደም ሥር ተገትሮ ይታያል? ቅልጥሙ ላይ በአውራ ጣት ተጭነው ሲለቁት ጎድጉዶ ይቀራል? ትራስ ደራርቦ ነው የሚተኛው? እንዲህ ከሆነ ክሬቲኒኑ 2 ቢሆንም የሚያሸናው መድኃኒት ላሲክስ አይቀነስም፣ ይጨመራል። ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው። 40 ሚሊ ግራም ካላሸናው ያንኑ 40 በቀን ሁለቴ መስጠት 80ውን በአንዴ እንደመስጠት አይደለም፤ መድኃኒቱ ከአንድ መጠን በታች አይሠራም፣ የደከመ ኩላሊት ደግሞ ያንን መጠን ከፍ ያደርገዋል። አንጀቱ ያበጠ ሰው ላይ እንክብሉ እየዘገየ ስለሚመጠጥ በደም ሥር መስጠት ይሻላል። ከዚያ ሽንቱን መለካት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት በየሰዓቱ ቢያንስ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር። አስታማሚ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቢለካ አንዱ ሞልቶ ሁለተኛው መጀመር አለበት። ካልሆነ መጠኑ እጥፍ ይሆናል።

በሌላ በኩል ሲቆም የሚያዞረው፣ ምላሱ የደረቀ፣ ሲቆም የላይኛው ግፊቱ በ20 የሚወርድ፣ እግሩ ላይ እብጠት የሌለበት ሰው ደርቋል። የሱን ላሲክስ መቀነስ ተገቢ ነው፤ ኢናላፕሪሉን ሳይሆን አስቀድሞ ላሲክሱን።

ኢናላፕሪል ክሬቲኒንን የሚጨምረው በአሠራሩ ነው። ከማጣሪያው የሚወጣውን የደም ሥር ያሰፋል፣ ውስጡ ያለው ግፊት ይወርዳል፣ የሚጣራውም በጥቂቱ ይቀንሳል። ሶልቭድ የተባለው ትልቅ ጥናት በድጋሚ ሲተነተን፣ መጀመሪያ ላይ ኩላሊታቸው ዝቅ ያለባቸው ኢናላፕሪል ወሳጆች በዚያ ምክንያት አብልጠው አልሞቱም፤ ያለ መድኃኒቱ ዝቅ ያለባቸው ግን አብልጠው ሞተዋል። ስለዚህ ከመነሻው እስከ 50 በመቶ፣ ወይም እስከ 3 ሚሊ ግራም ቢጨምር (ቀድሞ የሚደረስበት) ይታለፋል። ከ1.2 ወደ 1.5 የ25 በመቶ ጭማሪ ነው። ከ50 በመቶ ካለፈ መጠኑን በግማሽ ቀንሶ በሳምንት ወይም በሁለት መድገም፤ እጥፍ ከሆነ፣ ከ3.5 ካለፈ ወይም ደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም የተባለ ማዕድን ከ5.5 ከበለጠ ማቆም። ሌላው የልብ ድካም መድኃኒት ስፓይሮኖላክቶን ፖታሲየም 5.5 ሲያልፍ በግማሽ ይቀነሳል፣ 6 ሲያልፍ ይቆማል። ዳፓግሊፍሎዚን የተባለው የልብ ድካም መድኃኒት ሲጀመርም ክሬቲኒኑ ትንሽ ይጨምራል፣ አያስፈራም፤ እዚህ የሚያስፈራው ዋጋው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በቶንሲል መዘዝ በመጣ የልብ ሕመም የልቧ ግራ በር (ቫልቭ) የጠበበባት ወጣት ሴት ላይ ይህ ሁሉ እንዳለ አይሠራም፤ ዋናው መፍትሔ በሩን ማስፋት ነው። ማርገዝ የምትችል ከሆነች ደግሞ ኢናላፕሪልም ስፓይሮኖላክቶንም ከመታዘዛቸው በፊት ስለ እርግዝና ትጠየቅ።

ኩላሊቱን በእውነት የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ከሐኪሙ ማዘዣ ውጭ ያለው ነው። ዳገት የወጣ ጉልበት ያመዋል፣ ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይገዛል። ኢናላፕሪልና ላሲክስ ላይ ሲጨመር በቀናት ውስጥ ሽንት ሊያቆም ይችላል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል። ትውከትና ተቅማጥ ሲመጣም እስኪቆም ላሲክሱን፣ ኢናላፕሪሉንና ስፓይሮኖላክቶኑን ለጊዜው መያዝና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዲጎክሲን የተባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ኩላሊቱ ሲደክም መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ማቅለሽለሽ፣ የልብ ምት መዝገም፣ ነገር ቢጫ ሆኖ መታየት ምልክቶቹ ናቸው።

ከዚያ ቡናው አለ። ፈሳሽ በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር የተወሰነበት ሰው ሲኒን ይንቃታል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በቀን ሦስቴ 9 ሲኒ ነው፤ አንዷ 70 ሚሊ ሊትር ብትይዝ ከግማሽ ሊትር ይበልጣል። ቡናውን በጨው የሚጠጣ ደግሞ የቀኑን ጨው፣ ከወጡም ከዳቦውም ጋር ተደምሮ 5 ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላውን፣ ሳያስበው ያልፈዋል። በአንድ ቤት ረመዷንም ዐቢይ ጾምም በሚጾምበት አገር የመድኃኒት ሰዓት መጾሚያው ሳይገባ ከሐኪም ጋር ይወሰን። ስፓይሮኖላክቶን ላይ ላለ ሰው ማፍጠሪያው ላይ ተምር ማብዛት ፖታሲየም ነው። ድንችም እንዲሁ፤ ቆራርጦ ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ይቀንሰዋል።

የሚቀረው ምርመራው ነው። መድኃኒት ከተጀመረ ወይም ከጨመረ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ክሬቲኒንና ፖታሲየም ይታይ ይባላል፤ ከወሎው ቦረና ወይም ከመቄት ለሚመጣ ሰው ግን ይህ የትራንስፖርት ዋጋ ነው። ደሙ ከጤና ጣቢያ ቢላክስ? ይቻላል፣ ግን ሙሉ ደም በመኪና ተናጥቶ ሲደርስ ሴሎቹ ይፈነዱና ፖታሲየሙ በሐሰት ይጨምራል፤ በበረዶ ማቆየትም ይጨምረዋል። እዚያው በሴንትሪፊውጅ ተለይቶ ሴረሙ (ከደም ሴሎች የተለየው ውኃማ ክፍል) ብቻ መላክ አለበት። ካርዱ ላይ ደግሞ በየቀጠሮው አራት ነገር ይጻፍ፦ እብጠቱ ሲጠፋ የነበረው ክብደት፣ የዛሬው ክብደት፣ ክሬቲኒን፣ ፖታሲየም። በ3 ቀን 2 ኪሎ የጨመረ ሰው ቀጠሮውን አይጠብቅ።

ብዙ ሰው የቀጠሮ ዕለት አውቶብስ ውስጥ ሽንት እንዳይዘው ላሲክሱን ይዘላል። ይህ ነውር የለውም፣ መደበቁ ነው የሚያሳስተው፤ ደሴ እንደደረሱ መዋጥ፣ ሐኪሙንም «ዛሬ ሳልውጥ ነው የመጣሁት» ማለት።