ማስተካከያ፦ ዩቲዩብ ቪዲዮ ስላጠፋ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ተጣሰ አይባልም

«ዩቲዩብ ቪዲዮህን ካጠፋ የመናገር መብትህን ጥሷልና በሕገ መንግሥቱ ክሰሰው» የሚለው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ምክር ትክክል አይደለም። በ1791 (በፈረንጆቹ) የጸደቀው የመጀመሪያው ማሻሻያ፣ ማለትም የመናገር ነጻነትን የሚጠብቀው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ፣ የሚያስረው መንግሥትን ነው። የግል ኩባንያን አይደለም። ፕራገር ዩ የተባለው ድርጅት ቪዲዮዎቹ በከፊል ስለተገደቡበት ይህንኑ ክርክር ይዞ የዩቲዩብ ባለቤት የሆነውን ጉግልን ከሶ ነበር፤ በ2020 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ዩቲዩብን የፈለገውን ያህል ሕዝብ ቢጠቀምበትም የመንግሥት አካል አያደርገውም ብሎ አልተቀበለውም።

ነገሩ የሚለየው ከልካዩ ባለሥልጣን ሲሆን ነው፣ እሱም ሁልጊዜ አይደለም። የፖርት ሂውረን፣ ሚሺጋን ከተማ ሥራ አስኪያጅ የቤተሰቡንም የሥራውንም ወሬ በሚለጥፍበት የፌስቡክ ገጹ ላይ የኮቪድ አያያዙን የተቸ ነዋሪን አስተያየት አጥፍቶ ብሎክ አደረገው። ነዋሪው ከሰሰው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2024 ማሻሻያው ሥራ አስኪያጁን ያስረው እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ነገር ይጣራ አለ፦ ሰውየው በመንግሥት ስም የመናገር ሥልጣን ነበረው ወይ? ሲጽፍስ በዚያ ሥልጣን ነው ወይ?

ኩባንያዎቹ ምክንያት ሳይናገሩ ሲያጠፉ ያናድዳል፣ መጮህም ተገቢ ነው። ግን ለጠበቃ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የኩባንያውን ደንብ አንብቡ፣ ይግባኝ ማቅረቢያውንም ሞክሩ።