ማስተካከያ፦ አክሊሉ ለማ እና እንዶድ

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በእንዶድ የቢልሃርዚያ መድኃኒት አግኝተው ኖቤል ተሸለሙ ሲባል በተደጋጋሚ ይሰማል። ይህ መታረም አለበት።

ሽልማቱ ኖቤል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የተሸለሙት ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ነው። ብዙዎች «አማራጭ ኖቤል» ስለሚሉት ሳይምታታ አይቀርም።

ዋናው ግን የእንዶዱ ጉዳይ ነው። እንዶድ የታመመ ሰው አያድንም። የሚገድለው በውሃ ውስጥ የሚኖረውን ቀንድ አውጣ ነው። የበሽታው ትል ወደ ሰው ከመዝለቁ በፊት ቀንድ አውጣው ውስጥ ማደግ አለበት። ቀንድ አውጣው ከጠፋ መተላለፊያው ይቋረጣል። አክሊሉ ይህን ያስተዋሉት እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። እናቶች ከጥንት ጀምሮ የሚያጥቡበትን ነገር ቁም ነገሬ ብሎ መመርመር፣ ለእኔ ከየትኛውም ሽልማት ይበልጣል። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩቱ በስማቸው ይጠራል።

እባካችሁ፣ ቢልሃርዚያ ይዞኛል ብሎ እንዶድ ጨምቆ የሚጠጣ ሰው ካለ አስቁሙት። እንዶድ መርዛማ ነው። ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን አለ።