ማስተካከያ፦ ኤኤምኤች ምርመራ የመውለድ ተስፋን አይወስንም

ሰሞኑን በጅማ በቴሌግራም የተዛመተ መልእክት፣ ኤኤምኤች የተባለው የደም ምርመራ አንዲት ሴት ማርገዝ መቻሏንና የወር አበባዋ የሚቋረጥበትን ዓመት ለይቶ ይናገራል ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። ምርመራው የቀረውን የእንቁላል ክምችት በግምት ይጠቁማል እንጂ ጥራቱን አያሳይም፤ ጥራቱ በዋናነት የሚያያዘው ከዕድሜ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ጥናት፣ የመካንነት ታሪክ የሌላቸውን ከ30 እስከ 44 ዓመት ያሉ ሴቶች ተከታትሎ፣ ውጤታቸው ዝቅ ያለው ሴቶችም ከሌሎቹ ያላነሰ የማርገዝ ዕድል እንዳላቸው አሳይቷል። ምርመራው በእርግጥ የሚጠቅመው በመካንነት ሕክምና፣ እንቁላል ለማብዛት የሚሰጠውን መድኃኒት መጠን ለመወሰን ነው።

የመልእክቱ ጉዳት ቀላል አይደለም። ውጤቷ ዝቅ ያለ እህት «ከእንግዲህ አላረግዝም» ብላ መከላከያ ብታቋርጥ ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች። ከ35 ዓመት በታች ሆና አንድ ዓመት፣ ከዚያ በላይ ሆና ስድስት ወር ሞክራ ያላረገዘች ሴት ግን ከባለቤቷ ጋር ሐኪም ታማክር።