የጓንግዡ ሂሳብ በኦክላንድ አይወራረድም

በአሜሪካ በእስያውያን ላይ የሚደርሰው ጥቃት በእኛ በአሜሪካ በምንኖር ሐበሾች መካከል ሲነሳ ቶሎ የሚመዘዝ መልስ አለ፦ «ጓንግዡ ላይ አፍሪካውያንን ከቤት ሲያስወጡስ?» እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 በዚያች የቻይና ከተማ ብዙ አፍሪካውያን በኮሮና ሰበብ ከተከራዩበት ቤትና ከሆቴል ተባርረው ጎዳና ላይ አድረዋል። ቁጣው የተገባ ነው፤ አድራሻውን ግን ስቷል። በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ከተማ፣ ቻይናታውን በሚባለው የቻይናውያን ሰፈር፣ አትክልት ገዝታ ስትመለስ ተገፍትራ የምትወድቅ አሮጊት የጓንግዡ አከራይ አይደለችም።

ቪንሰንት ቺንም መኪና አምራች አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1982 የዲትሮይት የመኪና ፋብሪካዎች ሠራተኛ ሲበትኑ ብዙዎች ጥርሳቸውን የነከሱት በጃፓን መኪና አምራቾች ላይ ነበር። ሊሞሸር ቀናት ብቻ የቀሩትን ይህን የ27 ዓመት ወጣት አንድ የክራይስለር ፋብሪካ ተቆጣጣሪና የእንጀራ ልጁ አሳድደው፣ አንዱ ይዞ ሌላው በቤዝቦል ዱላ ቀጥቅጦ ገደሉት። ቺን የቻይና ተወላጅ እንጂ ጃፓናዊ እንኳን አልነበረም። የሚቺጋኑ ዳኛ በእያንዳንዳቸው ላይ የፈረደው የሦስት ዓመት ገደብና 3,000 ዶላር መቀጮ ነው። እስር የለም።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1988፣ በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ ኢትዮጵያዊው ሙሉጌታ ሥራው የተገደለውም በቤዝቦል ዱላ ነው። ገዳዮቹ ጸጉራቸውን የተላጩ የነጭ የበላይነት አቀንቃኞች ነበሩ፤ ማንነቱን ለማጣራት አልተጨነቁም፤ የቆዳው ቀለም በቂያቸው ነበር።

ይህ አመል የነጮች ብቻ ነው የሚል ካለ መጋቢት 2020ን ያስታውስ። አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ «ቻይና፣ ኮሮና» እየተባለ የውጭ ሰዎች ይዋከቡ ስለነበር የአሜሪካ ኤምባሲ ለዜጎቹ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

ወዳጅነት አልጠይቅም፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በጥቁሮችና በኮሪያውያን ባለሱቆች መካከል የነበረውን ቁርሾ ያየ ሰው በአንድ ሰልፍ ፍቅር ይወርዳል ብሎ አይጠብቅም። ዕዳውን ግን መካድ አይቻልም። እስያውያንንና አፍሪካውያንን በኮታ ከደጅ ያስቀር የነበረው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የተሻረው፣ ጥቁር አሜሪካውያን በየአደባባዩ እየተደበደቡ ባካሄዱት የሲቪል መብት ትግል ማግስት ነው። እኛ ሁላችንም ስንገባ በሩ ተከፍቶ ጠበቀን።

በ2021 ኦክላንድ ውስጥ ከተለያየ ዘር የመጡ በጎ ፈቃደኞች የቻይናታውን አረጋውያንን ወደ ገበያና ወደ ባንክ ያጅቡ ነበር። መፈክር ለማይወድ ሰው የሚመች ሥራ ነው። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ቴሌግራፍ ጎዳና እስከዚያ በመኪና የደቂቃዎች መንገድ ነው።