ጋዙ ይውጣልኝ

እኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፣ እሱም ከመጣ ነው። በቀሩት ቀናት ቧንቧውን ስትከፍተው "ፍስስስስ" ብሎ አየር ይተነፍስብሃል፣ ትዘጋዋለህ፣ በቃ። ጋዙ በነጻ ቤታችን ድረስ ገብቷል፣ የጎደለው ውሃው ነው። ሁለቱ ታርቀው አብረው የሚገኙት ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ነው፣ በጠርሙስ። የሚገርመው ደሞ ሰፈራችን አሸዋ ሜዳ ማለት የአምቦ መንገድ ዳር ነው፣ አምቦ የጫነው መኪና ሳጥኑን እያንቀጫቀጨ በራችን ላይ አልፎ ነው ወደ መሀል ከተማ የሚገባው፣ እኛ ቢጫ ጀሪካናችንን ደርድረን ቆመን እናየዋለን። ያ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሲመጣ ከላይኛው ሰፈር ታንከር እኛ ጋ መውረድ ያቃተውን ውሃ ምን ትለዋለህ።

አከራዬ እማማ ጨጓራ አለባቸው። ተመርምረው አይደለም፣ እዚህ አገር ጨጓራ እንደ ክርስትና ስም ነው፣ ሁሉም አለው። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ቀይ ወጣቸውን በልተው ሲያበቁ "ልጄ፣ እስቲ አንድ አምቦ አምጣልኝ፣ ሆዴን ነፋኝ" ይላሉ፣ ሄጄ አመጣለሁ። ከዚያ የሚሆነውን ማየት ነው። ጠርሙሱ ይከፈታል፣ ትልቋ ብርጭቆ ውስጥ ይቀዳል፣ የሻይ ማንኪያ ይገባና ማማሰል ይጀመራል። አረፋው ግንፍል ብሎ እስከ ብርጭቆው አፍ ይደርሳል፣ ቆም ይላሉ፣ ጨው በጣታቸው ቆንጠር አድርገው ጣል ያደርጉበታል፣ ደሞ ይነሳል፣ ደሞ ያማስላሉ።

"ጋዙ ይውጣ፣ ጨጓራ አይወደውም።"

"እማማ፣ ጋዙ ከወጣ እኮ ውሃ ነው።"

"አንተ ምን ታውቃለህ፣ አምቦ ነው!"

ለጋዙ ከፍለን ጋዙን በማንኪያ እናባርረዋለን ማለት ነው። ግን ሳስበው እማማ አልተሳሳቱም፣ ጋዙ ቢሄድም ማዕድኑ እዛው ይቀራል፣ ስለዚህ አምቦነቱን አልለቀቀም። የተሳሳቱት ጨው ላይ ነው። ግፊትም አለባቸው፣ ሐኪሙ ጨው ይቀንሱ ብሏቸው ከወጡ ላይ ቀነሱና አምቦው ላይ ጨመሩት። የማዕድን ውሃ እኮ ድሮም የራሱ ሶዲየም አለው፣ ግፊት ያለበት ሰው ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ማንበብ ነው ያለበት፣ እማማ ግን መነጽራቸው ለዳዊት ብቻ ነው።

የጋዙ ነገር እንዲህ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጠርሙሱ ውስጥ ታምቆ ነው የሚቀመጠው፣ ክዳኑ ሲነሳ ከፊሉ ይወጣል፣ የቀረው ሆድህ ገብቶ ይለቀቃል፣ ሆድ ይወጠራል፣ ከዛ በጉሮሮና በጨጓራ መሀል ያለችው በር ከፈት ትልና ግሳት ይመጣል። ሰው "ተፈጨልኝ፣ እፎይ" የሚለው ይቺን ግሳት ሰምቶ ነው። አልተፈጨም ወዳጄ! ምግቡ እዛው ተቀምጧል፣ የወጣው አሁን የጠጣኸው ጋዝ ነው። እርግጥ አንዳንድ ትንንሽ ጥናቶች ላይ ምግብ አልፈጭ የሚላቸውና ሆድ ድርቀት ያለባቸው ሰዎች ጋዝ ያለው ውሃ ሲጠጡ ቀለል ብሏቸዋል፣ እናቶቻችንን ሙሉ በሙሉ አናሳቅቃቸው። ችግሩ በሯ ስትከፈት አሲዱም አብሮ ሽቅብ ሊወጣ ይችላል፣ ቃር ያለበት ሰው ያኔ ነው ጉዱ የሚፈላው።

እሁድ ከሰዓት ደሞ አስፋልቱ ዳር ያለውን ስጋ ቤት እዩት። ሶስት ሰው ሆነው ሁለት ኪሎ ያወርዳሉ፣ ኪሎ ጥሬ ኪሎ ጥብስ፣ ጮማዋ ላይ "እሷን ለኔ" እየተባባሉ ይሻማሉ፣ አዋዜው ሚጥሚጣው ይጠራረጋል፣ ከዛ ጥርስ እየተጎረጎረ "አምቦ አምጪልን፣ ለማወራረጃ"። አምቦ እዚህ ጋ ውሃ አይደለም፣ የንስሐ አባት ነው። ሁለት ኪሎ ኃጢአት በአንድ ጠርሙስ ይፈታል፣ በሚቀጥለው እሁድ እንደገና። አንዳንዱ ሎሚም ይጨምቅበታል "ጮማውን ይቆርጠዋል" ብሎ። ጮማውንስ እንጃ፣ ሎሚው የሚቆርጠው ጥርሱን ነው። የጥርስ የላይኛው ሽፋን ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ መሟሟት ይጀምራል፣ ስኳርም ሎሚም የሌለበት ጋዝ ውሃ እዛችው ድንበር አካባቢ ስለሚያንዣብብ ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ ኮላና ሎሚ ግን ከዛ በጣም ወርደው ነው ያሉት። አጥንት ይበላል የሚባለው ወሬም ከኮላ ጋ ነው የተያያዘው፣ የጋዝ ውሃ በሌለበት ነው ስሙ የጠፋው።

አምቦን ያለ ስጋ፣ ማታ፣ ግሮሰሪ ቁጭ ብለህ እዘዝማ። ጠረጴዛው በሙሉ ዞሮ ያይሃል። "ምነው፣ መድሃኒት ጀመርክ?" አይ። "ጾም ነው?" አይ። "ጌታን ተቀበልክ እንዴ?" ዝም ብዬ ነው የሚባል መልስ ተቀባይነት የለውም። አንዴ ሲሰለቸኝ "አንቲባዮቲክ ላይ ነኝ" ብዬ ተገላገልኩ ስል በሳምንቱ ወሬው ዞሮ እማማ ጋ ደርሶ ጠበል ይዘውልኝ መጡ። ለነዚህ ሰዎች መንገር የምፈልገው፣ ጋዝን ውሃ ውስጥ ማስገባት የቻለው እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ሰባኪ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1767 ሊድስ ከተማ ጎረቤቱ ካለ ቢራ ጠማቂ ቤት ሄዶ ከሚፈላው ቢራ በላይ ውሃ ይዞ ነው የሞከረው። ስለዚህ ቢራ ከያዙ ሰዎች አጠገብ አምቦ ይዞ መቀመጥ ከጥንትም ያለ ነው። የኛው ደሞ ጭራሽ ቢራም ሰባኪም ሳይፈልግ ከነጋዙ ከመሬት ይፈልቃል፣ ከተማዋንም ድሮ ሀገረ ሕይወት ይሏት ነበር፣ ለጨጓራ ታማሚ ከዚህ በላይ ማስታወቂያ የለም።

እኔም ደርሶብኛል። አምና ለስላሳ አቆማለሁ ብዬ ፎከርኩና ወደ አምቦ ዞርኩ፣ ስኳር የለው፣ ካሎሪ የለው፣ ጥም እንደሆነ እንደ ተራ ውሃ ይቆርጣል፣ ታዲያ ምን ይጎዳኛል አልኩና በቀን ሶስት ጠርሙስ፣ የመጨረሻዋ ከእራት በኋላ። አንድ ሌሊት ደረቴ ላይ እሳት ተነሳ። ልቤ ነው ብዬ ለእማማ እንኳን ሳልናገር ባጃጅ ለምኜ ክሊኒክ ሄድኩ፣ ኢሲጂ የሚሉትን የልብ ምርመራ ተነሳሁ፣ ልቤ ደህና ነው።

"ማታ ምን በላህ?"

"ትንሽ ነገር።"

"ምን ትንሽ ነገር?"

"ግማሽ ኪሎ ጥብስ።"

"በስንት ሰዓት?"

"አራት ሰዓት ላይ።"

"ከዛስ?"

"አምቦ ጠጣሁ። ከዛ ተኛሁ። ዶክተር፣ አምቦው ይሆን እንዴ?"

እስክሪብቶውን አስቀመጠና ዝም ብሎ አየኝ። ቢያንስ ከመተኛትህ ሶስት ሰዓት ቀድመህ ብላ፣ ጋዝ ነገር ለጊዜው ተው አለኝ። ጓደኞቼ ጋ ስደርስ ያወራሁት ሁለተኛውን ብቻ ነው። ጥብሱን እስከዛሬ የከሰሰው የለም፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

በቀደም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የግቢው ቧንቧ "ፍስስስ" ማለት ጀመረ። ሁሉም በየባልዲው ተነሳ። መጀመሪያ አየር፣ ከዛ እያሳለ መትፋት፣ ከዛ ወተት የመሰለ ነጭ ውሃ መጣ፣ አየር ታምቆበት ነው፣ ትንሽ ብታቆየው ከታች ወደ ላይ እየጠራ ይሄዳል። እማማ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ፣ በዛችው ትልቋ ብርጭቆ ቀዱና አምፖሉ ስር ይዘው ገልበጥ ቀና እያደረጉ አዩት።

"ጋዝ አለበት" አሉ። "ልጄ፣ ማንኪያ አምጣልኝ።"