ዳኛው በየት በኩል ነበር?

በአሜሪካ ፉትቦል 55 ለ 23 መሸነፍ ምኑ እንደሚከፋ ታውቃላችሁ? የሚሰደብ ዳኛ አለመኖሩ።

በአንድ ነጥብ ብትሸነፍ ዳኛው አለልህ። በሦስትም ቢሆን ትንሽ ከፈለግህ አታጣውም። በ32 ነጥብ ተሸንፈህ ዳኛው በደለኝ ብትል ግን ሚስትህም አትሰማህም።

አጎቴን የገጠማቸው ይኸው ነው። ቀኑ ጃንዋሪ 26፣ 2025። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ይህ ጨዋታ የራሱ ክርክር ይበቃዋል፣ የዘመን አቆጣጠር አንጨምርበትም።)

አጎቴ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የሚኖሩት። ብዙ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። አዲስ አበባ ሳሉ የካታንጋ ሰው ነበሩ። ስታዲየም ገብተው ዳኛ ሳይሰድቡ መውጣት ለሳቸው ሠርግ ሄዶ ሳይበሉ እንደ መመለስ ነው። አሜሪካ ሲገቡ ተሳፋሪው ሁሉ ስለ ዋሽንግተን ፉትቦል ቡድን ያወራል። እሳቸው ደግሞ ስለ ጨዋታው የሚያውቁት ነገር የለም። ስለዚህ ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር "ዳኛው ነው የበደለን" ማለት ጀመሩ። አንድም ተሳፋሪ ተቃውሟቸው አያውቅም። ቲፑም ጨመረ። ደጋፊነታቸው የጀመረው እንዲህ ነው።

እና ያን ቀን ቡድናቸው ኮማንደርስ ከ30 ዓመት በላይ ጠብቆ ለሱፐር ቦውል፣ ለዋንጫው ጨዋታ ማለት ነው፣ አንድ ጨዋታ ቀርቶታል። ፊላደልፊያ ላይ ከኢግልስ ጋር። አክስቴ ዶሮ ሠርታለች። ልጃቸው የቡድኑን ማሊያ ለብሷል። እኔ ለዶሮው ነው የሄድኩት።

የኛዎቹ ኳሱን እንደ ጋለ ድስት ይለቁት ጀመር። አጎቴ በየመሀሉ "አሁን ዳኛው ምን አለ?" ይላሉ። ዳኛው ምንም አላለም። ኳሱ ወደቀ፣ እነዚያ አነሡት፣ አለቀ። አጎቴ ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ ግን አንድ ነገር ተገኘ።

ኢግልሶች የጎሉ መስመር ጥግ ሲደርሱ አንድ ዘዴ አላቸው። ኳሱን የያዘው ጎንበስ ይላል፣ ሌሎቹ ከኋላ መቀመጫውን ይዘው ወደ ፊት ይገፉታል። አጎቴ ይህን "መገናኛ" ይሉታል። ከመሸ መገናኛ ታክሲ የተጋፋ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። የኛው ፍራንኪ ሉቩ ግፊያውን ለማክሸፍ ኳሱ ሳይነሣ በሰዎቹ አናት ላይ ዘለለ። ቢጫ ጨርቅ ተወረወረ፤ ጥፋት አለ ማለት ነው። ቅጣቱ ለጎሉ ከቀረው ርቀት ግማሹን መቀነስ ነው። የቀረው ርቀት ግን ስንዝር የማይሞላ ነገር ነው። የስንዝር ግማሽ ማንን ያስፈራል? ሉቩ እንደገና ዘለለ።

በመጨረሻ ዋናው ዳኛ ማይኩን ከፍቶ ተናገረ። ይህ ነገር ከተደገመ ዳኞች ለተጋጣሚው ነጥብ ሊሰጡ ይችላሉ አለ።

አጎቴ ከሶፋው ተነሡ። "ሳያገቡ?"

"ሕጉ ይፈቅዳል አባዬ" አለ ልጁ።

"ሳያገቡ ሊሰጣቸው?!" ፊታቸው በራ። ይህን ሰው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እንዲህ ደስ ብሎት አላየሁትም። ኢግልስ ወዲያው በራሱ ጉልበት አገባና ደስታቸውን ቀማቸው።

ስለ ማይኩ ግን አንድ ነገር ልበል። እኔ አሜሪካ መጥቼ ከገረሙኝ ነገሮች አንዱ እሱ ነው። እኛ ያደግንበት ዳኛ ፊሽካ ይነፋል፣ ካርድ ያወጣል፣ ይሄዳል። ለምን ብለህ ስትጠይቅ ሌላ ካርድ ያወጣል። እዚህ ባለ ነጭ ኮፍያው ሰውዬ ወገቡ ላይ ያለውን ማብሪያ ቀጭ አድርጎ፣ ማን እንዳጠፋ በማሊያ ቁጥሩ ጠርቶ፣ ምን እንዳጠፋ ነግሮ፣ ቅጣቱ ስንት ያርድ እንደሆነ ለስታዲየሙ ሁሉ ያስረዳል። ባለሥልጣን ያለ ደጅ ጥናት ሲያስረዳህ አስበው! ብዙዎቹ ዳኞች ሌላ መተዳደሪያ ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ታዋቂው ኤድ ሆኩሊ ጠበቃ ነበር። ማብራሪያው ረጅም በመሆኑ ይቀለድበት ነበር። አጎቴ ይህን ሲሰሙ "ጠበቃ ማይክ ሰጥተኸው ምን ልትጠብቅ ኖሯል?" አሉ።

ጨዋታው አልቆ ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። አክስቴ ቡና ማፍላት ጀመረች። ቴሌቪዥኑ ወደ ሁለተኛው ጨዋታ ዞረ፤ ካንሳስ ሲቲ ከቡፋሎ። አጎቴ ቡፋሎን የሚያውቁት በብርዱ ብቻ ነው። አራተኛው ሩብ ላይ ግን ተወልደው ያደጉት ቡፋሎ ሆኖ ተገኘ።

የሆነው ይህ ነው። በዚህ ጨዋታ በአራት ሙከራ 10 ያርድ መሄድ አለብህ። ካልሄድክ ኳሱን ታስረክባለህ። ቡፋሎ 22 ለ 21 እየመራ አራተኛ ሙከራው ላይ ደረሰ፣ የጎደለው ትንሽ ነው። ጆሽ አለን ኳሱን ታቅፎ መሀል ለመሀል ገባ። ከዚያ መቶ ሠላሳና መቶ አርባ ኪሎ የሚመዝኑ ሰዎች ላዩ ላይ ተከመሩ። ኳሱ ከሥር ነው። ሁለት ዳኞች አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ጠርዝ እየሮጡ መጡ። ኳሱ እዚህ ጋ ደርሷል ብለው በእግራቸው ምልክት ያደርጋሉ። የአንዱ እግር ኳሱ መድረስ ያለበትን መስመር አልፎ ቆመ። የሌላኛው ሳያልፍ ቆመ።

ያላለፈው ተወሰደ።

"ያኛውስ?" አሉ አጎቴ። "ያኛውም ዳኛ ነው አይደል? ያኛው ያየው የት ገባ?"

ሪፕሌይ ታየ። ካሜራው የሰው ጀርባ፣ የሰው ክርን፣ አንድ የማን እንደሆነ ያልታወቀ እግር አሳየ። ኳሱን አላሳየም። ውሳኔው ጸና። ቴሌቪዥኑ ላይ ሕግ የሚተነትነው የቀድሞው ዳኛ ጂን ስተራቶሬ ሳይቀር በኔ እምነት አልፏል አለ። ካንሳስ ሲቲ ኳሱን ተቀብሎ ሄዶ አገባ። በመጨረሻም 32 ለ 29 አሸነፈ። ሦስት ነጥብ! አጎቴ ከሰዓት በኋላ ያጡትን ሁሉ በአንድ ጊዜ አገኙ። ዳኛውን በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ መጨረሻ ላይ ታክሲ ላይ በለመዱት ስፓኒሽ ሰደቡት።

ልጁ ታዲያ ይህንን ስተራቶሬን ጎግል አድርጎ አንድ ቪዲዮ አወጣ። ዲሴምበር 2017 ነው፤ ዳላስ ኦክላንድ ላይ ይጫወታል። ኳሱ መስመሩ ላይ ደርሷል ወይስ አልደረሰም ተባለ። ሁለት ዘንግና 10 ያርድ ሰንሰለት ይዘው የሚሮጡ ሰዎች አሉ፤ እነሱ መጥተው ለኩ። አሁንም አልለየም። ስተራቶሬ ኪሱ ገብቶ ካርድ አወጣ። የማስታወሻ ወረቀት ነው። አጠፈው። በኳሱና በዘንጉ መካከል ሸጎጥ አድርጎ አየና ደርሷል አለ።

ጀበናውን የያዘችው አክስቴ ቆመች። "ድገመው እስቲ።"

ደገመው። አክስቴ ሽሮ ሜዳ በክንዷ እየለካች ጥለት የገዛች ሴት ናት። ልኬት ታውቃለች። "ይሄ ሁሉ ብር የሚፈስበት ጨዋታ በወረቀት ነው የሚለካው?" አለች። ዳላስ በዚያ ጨዋታ 20 ለ 17 አሸንፏል። ወረቀቱን ሙዚየም ያስገቡት አያስገቡት አላውቅም፣ እኔ ብሆን አስገባው ነበር።

አጎቴ ግን ከወረቀቱ ይልቅ የሚወዱት የኒው ኦርሊንሱን ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይተርኩታል። ጃንዋሪ 2019፣ ሴንትስ ከራምስ፣ ለሱፐር ቦውል ለማለፍ። 20 እኩል ናቸው፣ ሁለት ደቂቃ አይቀርም። ኳሱ በአየር ላይ ወደ ሴንትሱ ቶሚሊ ሉዊስ እየሄደ ነው። የራምሱ ኒኬል ሮቢ ኮልማን ኳሱ ሳይደርስ በፊት ሄዶ ተላተመው። እንዲህ ያለውን ጥፋት አክስቴም ታውቀዋለች። ቢጫ ጨርቅ ግን አልተወረወረም። ሜዳ ላይ ሰባት ዳኛ ነበረ። ራምስ በተጨማሪ ሰዓት 26 ለ 23 አሸነፈ።

እዚህ ላይ አጎቴ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። "ከሳሽ አለ። ምስክር 70 ሺህ ሰው ነው። ተከሳሹ ራሱ አዎ ቀድሜ ነው የነካሁት ብሎ አመነ። እንግዲህ ምን ቀረ?"

የቀረው ፍርድ ነው። አንድ የሉዊዚያና ጠበቃ እውነትም ክስ መሠረተ። በሕግ አምላክ ማለት ይኸው ነው። በአገራችን በደጉ ዘመን ቢሆን ኖሮ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው፣ መንገደኛውን አስቁመው "በላ ልበልሃ" ይባባሉ ነበር። የሉዊዚያና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በዚያው ዓመት ክሱን ዘጋው። ከተማው ሱፐር ቦውሉን አኩርፎ ዋለ። በማግስቱ የከተማው ጋዜጣ የፊት ገጹን ባዶ አድርጎ ወጣ፤ ምን ሱፐር ቦውል? የሚል ጥያቄ ብቻ ነበረበት። ከአኩራፊም አኩራፊ ይሉሃል ይኼ ነው። ሊጉ ለ2019 እንዲህ ያለው ጥፋት በሪፕሌይ ይታይ ብሎ ሕግ አወጣ። ያ ሕግ ደግሞ የባሰ ጭቅጭቅ አመጣና በዓመቱ ተተወ።

የሲያትሉም አለ፣ የ2012ቱ። መደበኛ ዳኞች በክፍያና በጡረታ ተጣልተው ውጭ ቀርተው ተተኪዎች ያጫውቱ ነበር። በመጨረሻዋ ሰከንድ ሁለት ተጫዋቾች አንድ ኳስ ታቅፈው ወደቁ። ሁለት ዳኞች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ገብቷል ብሎ እጁን አነሣ፣ ሌላው የተለየ ምልክት አሳየ። አጎቴ ፎቶውን ስልካቸው ላይ አስቀምጠውታል። ዘመድ ለሽምግልና ሲጠራቸው ያሳያሉ።

ዘንድሮ በእንቁጣጣሽ ሰሞን እንደገና ተሰበሰብን። ልጁ የምሥራች አለው። ከ2025 ጀምሮ ልኬቱ በካሜራ ሆኗል። ሰንሰለቱ ለመጠባበቂያ ይቀመጣል እንጂ ዋናው ሆክ አይ የሚባለው ነው፤ በየስታዲየሙ ስድስት ካሜራ ርቀቱን በሰከንዶች ውስጥ ይለካል። ወረቀት የለም።

አጎቴ ከፋቸው። ዶሮውን ሳይጨርሱ ቆዩ። ቆይተው ግን ጠየቁ። "ኳሱን መሬት ላይ የሚያስቀምጠው ማነው?"

"ዳኛው።"

"በዓይኑ አይቶ?"

"አዎ፤ ካሜራው ዳኛው ካስቀመጠበት ቦታ ጀምሮ ነው የሚለካው።"

"እኮ!" አሉና እግሩን አነሡት፣ የዶሮውን ማለቴ ነው።

ጨዋታው ሲጀምር አክስቴ ሲኒ መሰብሰብ ያዘች። አጎቴ ሲኒያቸውን አለቀቁም።

"በረካ ይቀረኛል።"

"ጠጥተሃል።"

"አቦልና ቶና ነው የጠጣሁት።"

"አንተ ሰውዬ፣ በረካውን አሁን በእጄ ነው የሰጠሁህ!"

ሁለቱም ወደ ልጁ ዞሩ። ልጁ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ቀረ። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። አጎቴ በአክስቴ ትከሻ በላይ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። አክስቴ ደግሞ ጀበናውን እንደያዘች ነው፤ ገና ለኔ አልቀዳችልኝም።

"እኔ በዚያ በኩል አልነበርኩም" አልኩ።