ያልለፉበትን ባጅ በልጆቻችን ደረት ላይ አናሰፋ

የሐረር ወላጆች፣ መምህራን፣ የስካውት መሪዎች፣ እንዲሁም መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ የልብስ ስፌት መኪናችሁን ዘርግታችሁ የምትውሉ ወንድሞቼ፤ ዛሬ የምናገረው ስለ ልጆች ልብስ ቢመስልም ጥፋቱ የእኛ የአዋቂዎቹ በመሆኑ ቃሌን የማቀናው ወደ እናንተ ነው።

በአንድ የበዓል ሰሞን ሱሪ ላሳጥር ከአንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንዲት እናት የልጇን የስካውት ሸሚዝና በፌስታል የተቋጠረ ብዙ ባጅ ይዛ መጣች። ልጁም አብሯት ነበር፤ ዐሥራ አንድ ወይም ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ከባጆቹ ገሚሱ የታላቅ ወንድሙ፣ አንዳንዱ ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከው፣ ጥቂቱ የራሱ ነበር። እናትየው «ሁሉንም ደረቱ ላይ ደርድርልኝ፤ በሰልፉ ላይ ከሰው በታች እንዳይሆንብኝ» አለች። ልብስ ሰፊው አንዱን አንሥቶ «ማሙሽ፣ ይህን በምን አገኘኸው?» ሲለው ልጁ እናቱን ቀና ብሎ አየና ዝም አለ። ከዚያም ከክምሩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ባጅ መርጦ «ይቺ የኔ ናት፤ የቋጠሮ ናት» አለና፣ ከጠረጴዛው ላይ የተረፈ ጥብጣብ አንሥቶ ሳይጠየቅ ሁለቱን ጫፎች አጠላልፎ ቋጠረ። ስቦ አጠበቀው፤ መልሶም በአንድ ግፊት ፈታው። እኛ ትልልቆቹ ልንነግረው የሚገባንን ነገር እርሱ አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

«ልጅ ነው፣ ይድመቅበት፣ ምን አለበት?» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አለበት እንጂ! ባጅ ያደረገው ሰው አንድ ነገር እንደሚችል ለተመልካች የሚመሰክር ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 የስካውት መሥራች ባደን ፖዌል በእንግሊዝ አገር በብራውንሲ ደሴት የመጀመሪያውን ካምፕ ሲያካሂድ፣ ለተሰበሰቡት ሃያ ያህል ልጆች የአበባ ቅርጽ ያለው የናስ ባጅ ተሰጥቷቸው ነበር፤ «ዝግጁ ሁን» የሚል ቃል የተጻፈበትን ሁለተኛ ናስ ከሥሩ እንዲያክሉ የተፈቀደላቸው ግን ቋጠሮን፣ ዱካ መከተልንና የሰንደቅ ዓላማን ነገር ተፈትነው ሲያልፉ ነው። እንግዲህ በፈረስ መጋላ አደባባይ በሕዝብ መካከል አንድ ሰው ራሱን ስቶ ቢወድቅ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ባጅ በደረቱ ላይ ያየንበትን ልጅ «ና፣ ድረስ» ብለን እንጠራዋለን። ባጁን ያሰፋንለት እኛ ከሆንን፣ በዚያች ሰዓት ለሚደርስበት ድንጋጤና ለወደቀው ሰው መጉላላት ተጠያቂዎቹ እኛው ነን።

ሌላው ስሕተት የአባልነትን ምልክት ከሽልማት ጋር ማደባለቅ ነው። በሐምራዊ መደብ ላይ ያረፈው፣ ዙሪያውን በቋጠሮ በተያያዘ ገመድ የተከበበው ነጭ አበባ የዓለም ስካውቶች የጋራ ዓርማ ነው። ሦስቱ ቅጠሎች ስካውት አባል ሲሆን የሚገባውን ቃል ኪዳን ሦስት ክፍሎች፣ የሁለቱ ኮከቦች ዐሥር ጫፎች ደግሞ ዐሥሩን የስካውት ሕግጋት ያመለክታሉ። ይህ ዓርማ ቃል ኪዳኑን ለፈጸመ ልጅ ሁሉ እኩል የሚገባ ሲሆን፣ በብዙ አገሮች በግራ ደረት ላይ ብቻውን በቂ ቦታ ተሰጥቶት ይሰፋል። በሽልማቶች መካከል ተጨናንቆ ሊጠፋ አይገባም፤ ቃሉን ገና ያልሰጠ ልጅም ለፎቶግራፍ ተብሎ ሊያደርገው አይገባም።

ሜዳሊያን በተመለከተ ከአባቶቻችን መማር ይበቃናል። አርበኞች አባቶች ሚያዝያ 27 ቀን ሜዳሊያቸውን ከሣጥን አውጥተው፣ ወልውለው፣ በአንድ መስመር ደርድረው ይወጡ ነበር፤ ማታ ደግሞ በጨርቅ ጠቅልለው ይመልሱታል እንጂ ገበያ ሲወርዱ አንጠልጥለውት አይሄዱም። ልጆቻችንም ሜዳሊያ ካላቸው ለሰልፍና ለሥነ ሥርዓት ያድርጉት፣ ከአንድ በላይ ሲሆንም ከፍተኛው ወደ ደረት መሀል ይቅረብ። ለጽዳት፣ ለችግኝ ተከላና ለካምፕ ሲወጡ ቤት ይቀመጥ። የደረጃ ባጅም ልጁ ወደ ላይኛው ደረጃ ሲያልፍ የታችኛው ተፈትቶ በአዲሱ ይተካል እንጂ አንዱ በሌላው ላይ አይከመርም። የወታደር ማዕረግና የፓርቲ ምልክት ግን በስካውት ሸሚዝ ላይ ከቶ ቦታ የላቸውም።

እናንተ የስካውት መሪዎች፣ ለእናንተ ያለኝ ቃል ይጠነክራል። በቆዳ ማሰሪያ አንገት ላይ የሚንጠለጠሉት ሁለቱ የእንጨት ዶቃዎች እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ፣ መጀመሪያ በጊልዌል ፓርክ በተሰጠው የመሪዎች ሥልጠና ላለፉ ሰዎች የሚሰጡ ምልክቶች ናቸው። ሥልጠናውን ሳይጨርስ ዶቃውን አስቀርጾ ያጠለቀ መሪ፣ «ያላገኛችሁትን አታድርጉ» ብሎ ልጆችን ለመገሠጽ በምን አፉ ይናገራል? ከሰልፍ መልስ የደንብ ልብሱን ከነሽልማቱ ለብሶ በርጫ የሚቀመጥ መሪም አይቻለሁ። መቃም ካለበት ቤቱ ገብቶ፣ ሸሚዙን አውልቆ ሰቅሎ ይሂድ፤ ያን ሸሚዝ ልጆቹም ለብሰውታልና።

ስለ ስፌቱ ብዙ አልልም፤ ክሩ የባጁን ጠርዝ ቀለም ይምሰል፣ መስመሩ ከኪሱ ስፌት ጋር ቀጥ ይበል፣ ሙጫና መርፌ ቁልፍ ይቅር። የቦታውን ዝርዝር ግን በግምት ሳይሆን ከስካውት ማኅበሩ መመሪያ ጠይቃችሁ አሠሩ።

ይህ ሁሉ አለማወቅ ከክፋት የመጣ አይመስለኝም። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ስካውት በአገራችን ለብዙ ዓመታት ተቋርጦ ስለ ነበር፣ ታላቅ ለታናሽ እያሳየ የሚያስተላልፈው ልማድ መሀል ላይ ተበጥሷል። ሆኖም ያልተማርነውን መጠየቅ እንችላለን፤ መፍታትም እንችላለን። ከሚቀጥለው ሰልፍ በፊት እያንዳንዱ ወላጅ ሸሚዙን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ልጁን አጠገቡ ያስቀምጥና እያንዳንዱን ባጅ እየነካ «ይህን በምን አገኘኸው?» ብሎ ይጠይቀው። የሚነግረው ይቆይ። የማይነግረው በምላጭ ጫፍ በጥንቃቄ ይፈታ። የታላቅ ወንድሙ ከሆነ ለባለቤቱ ይመለስ፤ ከዘመድ የተላከ ከሆነም በአልበም ውስጥ ይቀመጥ።